ለክቡር ድምጽ አልባው ፒ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ክቡር ፒ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በስራ ገበታዎ ላይ አለመገኘትዎን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

እንደምን ሰነበቱ? መልስ እንደማይሰጡኝ አውቃለሁ፤ ዝምታ አመልዎ ነው። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

በአንዳንድ የእንግሊዝኛ ቃላት መግቢያ ላይ ከኤስ፣ ከኤን ወይም ከቲ ፊት ይቆማሉ። ስምዎ መዝገብ ላይ አለ፤ ድምጽዎ የለም። እንዲህ ያለ ሰው በየመስሪያ ቤቱ አይጠፋም። ጠዋት ይፈርማል፣ ኮቱን ወንበሩ ላይ ይሰቅላል፣ ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ደሞዙ ግን አንድም ወር አያልፈውም።

ጣጣው የሚተርፈው ለእኛ ነው። የእህቴ ልጅ የቤት ስራ ይዛ፣ ያንን ወፍራም መዝገበ ቃላት ጭኗ ላይ ዘርግታ ኒሞኒያን ትፈልጋለች። ኤን ስር ገባች። ጣቷን ምራቅ እያስነካች ገልጣ ገልጣ ሲሰለቻት ቀና አለች።

"ጋሼ፣ ይሄ በሽታ የለም እኮ!"

የለም? ስንቱን አልጋ ላይ የጣለ የሳንባ በሽታ! ፒ ስር እንድትፈልግ ነገርኳት።

"ማነው ፒ ያለው?"

እውነቷን ነው። ማንም አላለም።

ፋይልዎን ሳገላብጥ የመጡት ከግሪክ መሆኑን አየሁ። እዚያ ደህና ሰራተኛ ነበሩ። "ፕስ"፣ "ፕን"፣ "ፕት" ብሎ ቃል መጀመር ለግሪክ ምላስ ቀላል ነው። ጀርመኖችና ፈረንሳዮችም ሳይኮሎጂን "ፕስ" ብለው ነው የሚጀምሩት። እንግሊዞች ግን አጻጻፉን ከነሙሉ ክብሩ ይዘው ድምጹን ጣሉት። ስለዚህ "አቅም የለኝም" እንዳይሉኝ። በርሊን ሲገቡ ይሰራሉ፤ ለንደን ሲደርሱ ይተኛሉ።

ለንደንም ቢሆን ሲፈልጉ ይሰራሉ። ሄሊኮፕተርን እንይ። ቃሉ ሲከፈል "ሄሊኮ" እና "ፕተር" ነው። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ፣ ሁለተኛው ክንፍ ማለት ነው። እዚያ መሃል ቁጭ ብለው ጥርት አድርገው ይሰማሉ። ይኸው "ፕተር" ቃል መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ግን ጸጥ! ቴሮዳክቲልን ይመልከቱ። በዳይኖሰሮች ዘመን ይበር የነበረ እንስሳ ነው፤ ስሙም "ጣተ ክንፍ" እንደማለት ነው። ያው ክንፍ እኮ ነው! ሰው በሚያይዎት ቦታ፣ ፊት ለፊት ሲያስቀምጡዎት አይን አፋር ይሆናሉ ልበል?

ሲታኮሲስ የሚባል በሽታም አለ። ከበቀቀንና ከሌሎች ወፎች ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ትኩሳትና ሳል ያመጣል። በቀቀን የሰማውን ሁሉ ሲደግም የሚውል ለፍላፊ ነው። በእሱ በሽታ ስም ላይ እንኳ ትንፍሽ አላሉም።

ሴፎሎጂስ? የምርጫና የድምጽ አሰጣጥ ጥናት ነው። ስሙ የመጣው ጠጠር ከሚል የግሪክ ቃል ነው፤ የጥንት ግሪኮች ድምጽ የሚሰጡት በጠጠር ነበርና። እንግዲህ ድምጽ ስለመስጠት በሚያጠና ትምህርት ደጃፍ ላይ የቆሙት እርስዎ፣ ድምጽ የማይሰጡት ነዎት! ድምጸ ተአቅቦ ከሆነ ይንገሩንና በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ከእሳተ ገሞራ አቧራ ይመጣል የተባለ የሳንባ በሽታ ስምም አለ፤ 45 ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ የቃላት እንቆቅልሽ ወዳጆች ሆን ብለው ያስረዘሙት ነው። በዚያ ሁሉ ሰልፍ ውስጥ እርስዎ ሁለቴ ይገኛሉ። መሃል ያሉት ይሰራሉ። ግንባር ላይ ያሉት፣ ያው እንደለመዱት።

እኔን የባሰ ያበሸቀኝ ግን የታርሚጋን ጉዳይ ነው። ታርሚጋን በቀዝቃዛ ተራራ ላይ የሚኖር፣ በበረዶ ወራት ላባው የሚነጣ የቆቅ ዘመድ ነው። ስሙ ከስኮትላንድ ጌሊክ የመጣ ነው። ከግሪክ ጋር በስጋም በጋብቻም አይዛመድም፤ በትውልድ ቋንቋው ሲጻፍም እርስዎ የሉበትም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግን ያ የግሪክ "ክንፍ" ያለበት መሰላቸውና ከፊቱ ለጠፉዎት። ይህ ፎርጅድ ነው፣ ክቡርነትዎ። እርስዎም "ስህተት ነው፣ ቦታዬ አይደለም" አላሉም። ይኸው እስከዛሬ የወፏ ደጅ ላይ ተቀምጠዋል።

የእኛ ቤት ንጹህ ነው አልልም። ሀ፣ ሐ እና ኀ ሶስት ሆነው አንድ ስራ ነው የሚሰሩት። ግን ይሰራሉ። የእርስዎ ዘመድ ፐ ደግሞ በፊደል ገበታው ጭራ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ለባዕድ ቃላት ተብሎ የመጣ ነውና። እንደዚያም ሆኖ ፖሊስ፣ ፖስታ፣ ፓስታ ሲባል ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ይውላል። ቆንጆ ነገር ስናይማ ብቻውን እንጠራዋለን፦ "ፐ!" ያለ አጃቢ፣ በአንድ ፊደል፣ ሙሉ አድናቆት ይወጣዋል።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን ይምረጡ። ወይ ድምጽዎን ያሰሙ፣ ወይ ቦታውን ይልቀቁ። እኛ ሳይኮሎጂን በሳ፣ ኒሞኒያን በኒ እየጻፍን እንቀጥላለን። ያልተከፈለ ደሞዝ ካለዎት እንግሊዞችን ይጠይቁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለክቡር ኬ (በእንግሊዝኛው ቢላዋና ጉልበት ደጃፍ ለሚያንቀላፉት)
ለክቡር ደብልዩ ("ጻፈ" በሚለው ቃል ፊት ቆመው ለማይነበቡት)
የእርስዎም ፋይል ተከፍቷል።