ኮሽም የማያውቅ፣ ራምቡታን የሚያውቅ ልጅ

እኛ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የእስያውያን ትልልቅ ገበያዎች ውስጥ ስንገባ መጀመሪያ ቀልባችንን የሚስበው ፍራፍሬው ነው። ቀይ ፀጉር ያበቀለው ራምቡታን፣ ሻካራ ልጣጭ ያለው ላይቺ፣ ሮዝ ቅርፊት የለበሰው ድራጎን ፍሩት ጎን ለጎን ተደርድረዋል። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችንን አንዱም አይገርማቸውም። ራምቡታንና ላይቺ ሲላጡ ሁለቱም ነጭ ሥጋና አንድ ዘር እንዳላቸው፣ የላይቺው ዘር ግን ቡናማና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ሙልጭ ብሎ እንደሚወጣ፣ የራምቡታኑ ደግሞ ሥጋው ላይ እንደሚጣበቅ ያስረዱሃል። እነዚሁ ልጆች አገር ቤት ሄደው ገጠር ያሉ አያታቸው አጥር ላይ የበሰለ ኮሽም ሲያዩ ግን "ይሄ ምንድን ነው?" ይላሉ። በነሱ አልፈርድም። የሚያሳዝነኝ አብሯቸው የሄደው የአዲስ አበባ ልጅም ያንኑ መጠየቁ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ፍሬ ማንነቱ ሳይነገር ገበያ አይወጣም። እንደ ፈረንጆቹ ከ2009 ጀምሮ በትልልቅ መደብሮች የሚሸጥ ትኩስ ፍራፍሬ የመጣበት አገር እንዲገለጽ ሕግ ያስገድዳል። ፍሬው ላይ የምትለጠፈው ትንሽ ወረቀት የያዘችው ቁጥርም ትርጉም አለው፤ 4011 ተራ ሙዝ ነው፣ ከፊቱ 9 ተጨምሮበት 94011 ሲሆን ኦርጋኒክ ነው። ሥርዓቱን አደንቃለሁ። ነገር ግን ወረቀቷ ፍሬው ይብሰል አይብሰል፣ ዘሩ ይዋጥ ይተፋ አትነግርህም። ይህን የሚያውቀው ከፍሬው ጋር ያደገ ሰው ነው።

ጃማይካውያንን ተመልከቱ። ብሔራዊ ፍሬያቸው አኪ ይባላል፤ ዛፉ በ18ኛው መቶ ዘመን ከምዕራብ አፍሪካ ተሻግሮ የሄደ ነው። ውጪው ቀይ ነው። ሲበስል ራሱ ተሰንጥቆ ይከፈትና ሦስት የሚያብረቀርቁ ጥቋቁር ዘሮች ብቅ ይላሉ። የሚበላው ከየዘሩ ሥር ያለው ለስላሳ ነጣ ያለ ቢጫ ሥጋ ብቻ ነው። ሳይከፈት ተፈልቅቆ ከተበላ ሃይፖግላይሲን የሚባለው መርዙ የደም ስኳርን አውርዶ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ መቅላቱ ዋስትና አይሆንም፤ ተከፍቶ ዘሩ መታየት አለበት። አሜሪካ በ1973 አኪ እንዳይገባ ከልክላ ነበር፤ በ2000 ደግሞ በቆርቆሮ የታሸገውን፣ ያውም ደኅንነቱ ከተረጋገጠለት አምራች ብቻ፣ እንዲገባ ፈቀደች። ዛሬ ጃማይካውያን በሚበዙበት ሰፈር በየሱቁ ይገኛል። አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው ሲያስጠነቅቁት የኖሩት ነገር የፋብሪካ መመዘኛ ሆነ ማለት ነው። እኔ በዚህ እቀናለሁ።

እኛ ከነሱ ያነሰ እውቀት የለንም። ኮሽምና እምቧይ ሁለቱም ሲበስሉ ቢጫ ናቸው፤ ሁለቱም እሾህ አላቸው። ለማያውቅ ሰው ልዩነታቸው ከሩቅ አይታይም። እረኛው ግን ኮሽም ረዣዥም እሾህ ካለው ቁጥቋጦ ላይ እንደሚለቀም፣ ቢጫው ወደ ብርቱካንማ እንደሚያደላ፣ ውኃማና ኮምጣጣ እንደሆነ ያውቃል። እምቧይ ሲሰነጠቅ ውስጡ በደቃቅ ጠፍጣፋ ዘር የታጨቀ ነው፤ መርዝ ስላለው አይቀመስም። አጋም ቀልቶ ቆይቶ ሲጠቁር ይበላል፣ ስትቀነጥሰው ነጭ ወተት ያወጣል። "ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል" እያልን እሾሁን እናነሳለን፤ ፍሬውን የሚያነሳው ጥቂት ነው። ዶቅማ ምላስ ያጠቁራል፣ ውስጡ አንድ ዘር ነው። እንኮይም አንድ ትልቅ ዘር አለው፤ ቀለሙ ግን ቢጫ ነው።

ቀጋ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቀዩ የሚበላ ክፍል ስስ ነው፤ ውስጡ ጠንካራ ዘሮችና ጉሮሮ የሚያሳክክ ደቃቅ ፀጉር ታጭቀዋል። ልጆች በጥፍራቸው ሰንጥቀው፣ ዘሩን ከነፀጉሩ ጠርገው ቀዩን ብቻ ይበላሉ። ስዊድን የሚኖሩ ወገኖቻችን የዚህኑ የጽጌረዳ ወገን ፍሬ በሾርባ መልክ ታሽጎ ሱቅ ውስጥ ያገኙታል። እዚያ ሕፃን አዋቂው የሚጠጣው የተከበረ ምግብ ነው።

ወሎ ላሉት አክስቴ በቪዲዮ ስልክ ድራጎን ፍሩት አሳየኋቸው። ቅርፊቱን አይተው ጥቂት ዝም አሉና፣ "ሆዴ፣ እስቲ ሰንጥቀህ ውስጡን አሳየኝ" አሉ። ሰነጠቅሁት። ነጩ ሥጋ ውስጥ ደቃቅ ጥቋቁር ዘሮች ዳር እስከ ዳር ተበትነዋል። ስልኩን ጠጋ አድርግ አሉኝ፤ ጠጋ አደረግሁ። "ይሄማ የበለስ ወገን ነው። እሾህ የለውም?" አሉ። አክስቴ ፊደል አልቆጠሩም። በለስና ድራጎን ፍሩት ሁለቱም ከላቲን አሜሪካ የመጡ የካክተስ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሳይንሱ ከእሳቸው የተለየ አልተናገረም። ቅርፊቱማ ያሳስታል፤ ሮዝ ሆኖ ውስጡ ነጭም ደማቅ ቀይም አለ፣ ጭራሽ ቢጫ ቅርፊት ያለውም አለ። ጥቋቁሮቹ ዘሮች ግን ከሁሉም አይጠፉም። ሾላን በድፍኑ የማይቀበል ሰው እንዲህ ነው የሚያየው።

የኛ የምንላቸው ፍሬዎች በሌላው ዓለም የክብር ቦታ አላቸው። በለስን ሜክሲኮዎች ቱና ብለው፣ እሾሁን ጠርገው፣ እዚሁ ሰፈራችን ይሸጡታል። ሐረርና ድሬዳዋ ያደገ ሰው ጠግቦ የሚበላው ጊሽጣ፣ ያ ነጭ ሥጋና ጥቁር ዘር ያለው፣ የቅርብ ዘመዱ ቸሪሞያ ተብሎ እዚህ በውድ ዋጋ ይቀርባል። ዓረብ አገር የሚሠሩ እህቶቻችን ቁርቁራን ነበቅ በሚለው ስሙ ገበያ ላይ ያገኙታል፤ ዛፉ፣ ሲድሩ፣ በማሩ ጭምር የታወቀ ነው። ኮሽማችን ሳይቀር ፍሎሪዳ ውስጥ ከስሪላንካው ዘመዱ ጋር ተዳቅሎ የሞቃት አገር አፕሪኮት ተብሏል።

አገር ቤት የጁስ ቤቱ ዝርዝር ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ ነው። ኮሽምና አጋም የእረኛ ምግብ፣ የችግር ምግብ ተደርገው ስለሚቆጠሩ ከተሜው እንግዳ ፊት አያቀርባቸውም። ይህ ንቀት ልቤን ይነካዋል። እሾሃማው አጥር በቆርቆሮና በሽቦ እየተተካ ነው፤ ልጁ ከብት ከመጠበቅ ወደ ትምህርት ቤት መሄዱ እሰየው የሚያሰኝ ሆኖ ሳለ፣ ሜዳ ላይ ይማረው የነበረውን የሚተካ ገጽ በመጽሐፉ ውስጥ አያገኝም። ምሁራኖቻችን አልተኙም፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻው፣ የአገሪቱን ዕፅዋት ሰብስቦ በስም በስማቸው አስቀምጧል። ግን የተጻፈው በላቲንና በእንግሊዝኛ ነው፣ ለአሥር ዓመት ልጅ አይደርስም።

ለእረፍት አገር ቤት የምትሄዱ ወገኖቼን የምለምነው አንድ ነገር አለ። ከመልክዓ ምድሩ ፎቶ ጋር የፍሬዎቹንም አንሡ። ሙሉውን ብቻ ሳይሆን ሰንጥቃችሁ፣ ዘሩን አውጥታችሁ፣ ከቅጠሉና ከእሾሁ አጠገብ አስቀምጣችሁ አንሡት። ጥሬውና የበሰለው ጎን ለጎን ይታይ። ስሙን ከአካባቢው ሽማግሌ ጠይቁ፣ ከየትኛው ወረዳ እንደሰማችሁትም ጻፉ፤ ስሙ ከቦታ ቦታ ይለያያልና። የሚተፋ ዘር ካለው፣ ለምሳሌ እንደ ካዝሚር ዘሩ መርዝነት ካለው፣ ከስሙ ቀጥሎ ይጻፍ። አዋቂ የአካባቢው ሰው አጠገባችሁ ቆሞ "ይበላል" ሳይል ደግሞ ለልጅ አታቅምሱ።