የተከላካይ ጡረታ

የመሀል ተከላካይ ጫማውን የሚሰቅለው ጉልበቱ ሲከዳው ነው። ጉሮሮው ግን ገና ብዙ ዓመት ያስኬዳል። እሱን ይዞ የት ይሂድ? አሰልጣኝ ይሆናል።

አይገርምም። አጥቂ የቡድን ጓደኞቹን ደህና አድርጎ የሚያያቸው ግብ አግብቶ ሲያቅፉት ብቻ ነው። ተከላካይ ግን ሁሉንም ከፊቱ አሰልፎ «ውጣ!»፣ «ዝጋው!»፣ «ከኋላህ!» እያለ ሰው ሲያዝ ነው የሚያረጀው። ጥፋት በማከፋፈልም የተካነ ነው። አጥቂው አምልጦት ከበረኛው ጋር ሲፋጠጥ «ኦፍሳይድ ነው፣ ኳስ ሲሰጠው ከተከላካዮቹ አልፎ ነበር» ለማለት እጁን ሽቅብ ሰቅሎ ወደ መስመር ዳኛው ይዞራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እጅ ሰቅሎ መሮጥ እንደማይመች አይጠፋውም፤ ግን እጁ ከወረደ ጥፋቱ የእሱ ሊሆን ነው። ከተሰቀለ ጥፋተኛው ወይ የመስመር ዳኛው ነው፣ ወይ የግራ መስመር ተከላካዩ።

አሰልጣኝ ሲሆን በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስተምረው ያንኑ የኋላ መስመር ነው። አራቱን ተከላካዮች ከ8 እስከ 10 ሜትር እያራራቀ ያቆማል፤ ኳሷን ራሱ ይይዛል። ኳስ ወደ ኋላ ስትመለስ መስመሩ በአንድነት ወደ ፊት ይወጣል። ባለኳሱ ቀና ብሎ እግሩን ሲያነሳ መስመሩ ያፈገፍጋል። ኳስ ወደ ጎን ስትሄድ አራቱም ወደዚያው ይጠጋሉ። ማክሰኞ በልምምድ ላይ ሲያዩት እንከን የለውም። ቅዳሜ በጨዋታው ሦስት ይገባበታል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማክሰኞ ባለኳሱ ራሱ አሰልጣኙ ነበር፤ ወገቡ ታስሮ፣ ፊሽካ በአፉ ይዞ ማንን ሊያልፍ! አጥቂን በኦፍሳይድ ማጥመድ የሚሠራው ባለኳሱን ከፊት የሚያስጨንቀው ሰው ሲኖር ነው። የራሱ ቡድን አጥቂዎች ቆመው ካዩና ባለኳሱ ተዝናንቶ ቀና ካለ፣ መስመሩ ወደ ፊት በወጣ ቁጥር ከኋላው ያለውን ሜዳ እየመረቀ ነው። ሁለተኛው ጣጣ ከኳሷ ርቆ ያለው የመስመር ተከላካይ ነው። ኳስ ሲያይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይቀራል። ሕጉ ደግሞ የሚያየው ከመጨረሻ ሁለተኛ የሆነውን ተከላካይ ነው፣ አጥቂው ከእሱ እኩል መሆኑም ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጥፋት አይደለም። ስብሰባ የሚጀመረው አርፋጁ ሲደርስ እንደሆነ ሁሉ፣ የቡድኑንም መስመር የሚያሰምረው ወደ ኋላ የቀረው ሰውዬ ተረከዝ ነው።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው፦ አሰልጣኙ የሚያውቀውን መናገር አይችልም። ወጣቱ ተከላካይ «መቼ ልውጣ?» ሲለው «አንብበዋ!» ይለዋል። ምኑን ያንብብ? የባለኳሱን ዳሌና የቆመበትን እግር። ሰውነትህን ገደድ አድርገህ ቁም፣ ኳሷንም ሰውየውንም እንድታይ። ኳስ ከመነሳቷ በፊት ትከሻህ ላይ ዞር ብለህ ተመልከት። ይህን ሁሉ ሲጫወት ሰውነቱ ይሠራው ነበር እንጂ አፉ ብሎት አያውቅም። ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ፕሮ እየተባለ የሚወጣው የአሰልጣኝነት ፈቃድ ደረጃ አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ የልምምዱን ስፋት፣ የሰው ብዛትና ደቂቃ ከነምክንያቱ ወረቀት ላይ ያስጽፈዋል። ያለ ፈቃድም የሆነለት አለ። በ1974 ለምዕራብ ጀርመን የዓለም ዋንጫ ያነሳው አምበል ቤከንባወር ፈቃድ ስላልነበረው አሰልጣኝ ሳይባል «ቲምሼፍ» (የቡድን አለቃ) ተብሎ ቡድኑን ተረከበና በ1990 ዋንጫውን ደገመ። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ የሌለው ሁሉ እሱን ይጠቅሳል።

በመጀመሪያው ጋዜጣዊ መግለጫ ደግሞ ያ ዕድሜውን ሙሉ ኳስ ወደ ተመልካች ሲጠልዝ የኖረ ሰው «ከኋላ መሥርተን ማራኪ ኳስ እንጫወታለን» ይላል። ከ2019 ጀምሮ የግብ ምት ሲመታ የቡድን ጓደኛ ሳጥን ውስጥ ሆኖ መቀበል ስለሚችል ሁለቱን የመሀል ተከላካዮች ከበረኛው ግራና ቀኝ ያቆማቸዋል። አንዱ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ይቀበላል። ተጋጣሚው አጥቂ በቀጥታ ሳይሆን ዞሮ ይመጣና ወደ በረኛው የሚመለሰውን መንገድ ይዘጋበታል። ኳሷ ስትነጠቅ በረኛው ከመታበት ቦታ ገና አልተመለሰም ማለት ይቻላል። «አትጠልዝ!» እያለ ሲጮህ የነበረው አሰልጣኝ ግቧ ስትቆጠር «ለምን አትጠልዝም?» ይላል።

ስም ለእንጀራ ይረዳል፣ ለውጤት ግን ዋስ አይሆንም። ተከላካዩ ቶኒ አዳምስ በአርሰናል በሦስት የተለያዩ አሥርት ዓመታት የሊግ ሻምፒዮንነት ዋንጫ አንስቶ፣ በ2017 የስፔኑን ግራናዳን ሲይዝ ሰባት ጨዋታ መርቶ ሰባቱንም ተሸነፈ። የማንቸስተር ዩናይትዱ ተከላካይ ጋሪ ኔቪል ጫማ ከሰቀለ በኋላ በቴሌቪዥን የሰውን ሁሉ ስህተት ሲተነትን ቆይቶ ቫሌንሲያን ተረከበ፤ ከባርሴሎና ጋር 7 ለ 0 ተሸንፎ አራት ወር ሳይሞላው ተሰናበተ፤ ከዚያም ወደ ትንተናው ተመለሰ። የአርጀንቲናው ተከላካይ ፖቸቲኖ ደግሞ በ2002 የዓለም ዋንጫ ኦወን ላይ ጥፋት ተብሎበት ለእንግሊዝ ፍፁም ቅጣት ምት አስገኘ፣ ቤካም አስቆጠረ፣ አርጀንቲና በ1 ለ 0 ተሸነፈች። አሰልጣኝ ሲሆን ከ2013 ጀምሮ የእንግሊዝ ክለቦቹ ሳውዝሃምፕተን፣ ቶተንሃምና ቼልሲ እየተፈራረቁ ደሞዝ ከፍለውታል። ውለታ አይጠፋም።

ለጡረተኛው ተከላካይ ከሁሉ የከበደው ግን የ2019ኙ ሕግ ነው። ዳኛው ለተጠባባቂ ወንበሩ ሰዎችም ቢጫና ቀይ ካርድ ያሳያል። ከወንበሩ አንዱ ተሳድቦ ማን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ካርዱ የሚደርሰው እዚያ ላለው ዋና አሰልጣኝ ነው። ወደ ረዳቱ ቢጠቁም፣ ወደ ሐኪሙ ቢጠቁም ዳኛው አይሰማውም። ረዳቱ ይህን አንቀጽ ከእሱ ቀድሞ አንብቦታል።