እርማት፦ ላፕቶፕ መስጠት ብቻውን ገቢ አያመጣም

«ስደተኛም ሆነ አካል ጉዳተኛ ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና አጭር ሥልጠና ካገኘ የኦንላይን ሥራው ራሱ ያኖረዋል» ብለዋል። ሐሳብዎ ቅን ነው፤ ነገር ግን በሰፊው የሚደጋገም ስሕተት ነው።

ከመጨረሻው፣ ከክፍያው እንጀምር። አንዲት ስደተኛ ሠራተኛንና ደንበኛን በሚያገናኝ የሥራ ድረ ገጽ በኩል ጽሑፍ ተርጉማ አስረከበች፣ ደንበኛውም ተቀበላት እንበል። ገንዘቡን ለማውጣት መታወቂያና በስሟ የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ትጠየቃለች። የያዘችው የስደተኛ ወረቀት በብዙ ቦታ ተቀባይነት የለውም። የሚቀራት የሌላ ሰው ሒሳብ መዋስ ነው፤ ይህ ደግሞ ደንብ መጣስ ስለሆነ በታወቀ ዕለት የሥራ ገጿ ሊዘጋ፣ የደከመችበት ገንዘብም እዚያው ሊቀር ይችላል። ሥልጠና አዘጋጆች ይህን የሚያስቡት (ካሰቡት) ብዙ ጊዜ ከምረቃው በኋላ ነው።

ገቢውም እንደሚወራው አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በእንዲህ ዓይነት ድረ ገጾች የሚሠሩ ሰዎች አማካይ ገቢ በሰዓት 3.4 ዶላር ሲሆን፣ ግማሾቹ ከ2.1 ዶላር በታች ያገኛሉ። ከሥራ ጊዜያቸው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሥራ በመፈለግና በመሳሰለው ያለ ክፍያ ያልፋል። የደንበኛ ምስክርነት ገና ያላገኘ ጀማሪንማ ከዚህም የባሰ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲነደፍ የክፍያው መንገድ አስቀድሞ በትንሽ ገንዘብ ይሞከር፤ አዘጋጁ ድርጅት ከደንበኞች ጋር ተዋውሎ የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች ራሱ ያምጣ፤ ሥራ በሚጠፋበት ወር የሚከፈል መደጎሚያም በበጀቱ ይካተት። ላፕቶፑ ከዚያ በኋላ ይገዛል።