ስሟ ተቀይሯል

የድሮ የንስሐ አባቶቻችን ስስታሞች ነበሩ። የሰፈሩን ጉድ ሁሉ ሰምተው፣ አንዲት ወሬ እንኳ ሳይጥሉልን ይዘውት መቃብር ይወርዱ ነበር። ተመስገን፣ ዘመኑ ለጋስ የሥነ ልቦና አማካሪዎችን ሰጥቶናል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል የሚባለው ድሮ ነው፤ ዛሬ ብቅል ተወድዷል፣ ቲክቶክ በነጻ ያወጣዋል።

እኔ የምከታተላቸው አማካሪ አሉ። (ስማቸውን አልጠራም፤ እርሳቸውም የሰው ስም አይጠሩም።) ባለፈው ማክሰኞ ማታ በቀጥታ ስርጭት ቀርበው፣ “የተገልጋይ ምስጢር መጠበቅ ግዴታዬ ስለሆነ ስሟን ቀይሬዋለሁ፤ ሄለን እንበላት” አሉ። እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው! ሄለን ገርጂ ትኖራለች፤ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ናት፤ መንታ ሴቶች ልጆች አሏት፤ ባሏ ዱባይ እየተመላለሰ የመኪና ዕቃ ያመጣል፤ አልጋ ከለዩ ዐሥራ አንድ ወራቸው ነው። ከስሟ በቀር የጎደለ ነገር የለም። እርሱንም ቢሆን ሕዝቡ አልነፈጋቸውም፤ “ስክሪኑን ነካ ነካ አድርጉ” ብለው ሳይጨርሱ አንዷ ከታች ጻፈችላቸው፤ ሌላዋ የመንታዎቹን ትምህርት ቤት ጨመረች። ከአሜሪካ አንድ ቸር ወገናችን አንበሳ ላከ። (ወደ ገንዘብ የሚለወጠውን አንበሳ ነው።)

ፍሮይድ የሚባለው የቪየና ሐኪም፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1912፣ ሐኪም ለታካሚው እንደ መስታወት ይሁን፣ የራሱን ነገር አይግለጥ ብሎ ጽፎ ነበር። እንዳይታይም ከታካሚው ራስጌ ይቀመጥ ነበር። ምስኪን! የእኛዎቹ የሱቅ መስታወት ሆነዋል። አማካሪያችን ጠዋት የሚሮጡበትን ጫማ፣ ከባለቤታቸው ጋር የተኳረፉበትን ምክንያት፣ የእርቁን እራት ሳይቀር እናውቃለን። ሄለን የልደት ኬካቸውን ፎቶ ላይክ ሳታደርግ ስለቀረች፣ በተከታዩ ቀጠሮ “ተቀይመሽኛል እንዴ?” ብለው ሰዓቱን ሙሉ በዚሁ ተወያዩ። የሰዓቱን ሒሳብ የከፈለችው እርሷ ናት።

የአሜሪካ የምክር አገልግሎት ማኅበር በ2014 ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ፣ አማካሪ የግል ገጹንና የሙያ ገጹን እንዲለይ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ከተገልጋዩ ጋር የግል ወዳጅነት እንዳይገጥም፣ ያለ ፈቃድም የተገልጋዩን ገጽ እንዳይጎበኝ ያዛል። ጎረቤት ቡና የማይጠራራበት አገር ደንብ ነው። እዚህ ሄለን አንዲት የኀዘን ጥቅስ ስትለጥፍ ደቂቃ ሳይቆይ፣ “ይህን የጻፍሽው ስለዚያ ጉዳይ ነው፤ ሐሙስ እናነሳዋለን” የሚል አባታዊ አስተያየት ከሥሩ ይሰፍርላታል፤ እናቷም፣ አማቷም፣ የባንኩ ገንዘብ ተቀባዮችም በሚያነቡበት ቦታ።

ምቀኞች ሕግ ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በሙያው ያወቀውን ምስጢር ያወጣ ሰው ይቀጣ ይላል፤ የሚቀጣው ግን ተበዳዩ ሲያመለክት ነው። ሄለን ለማመልከት “ያቺ ሴት እኔ ነኝ” ብላ መፈረም አለባት። ያቺ ሴት ደግሞ እርሷ አይደለችም፤ ስሟ ተቀይሯል።

እኔም ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ቀጠሮ ለመያዝ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሕትናዋ አንጀት ይበላል። ስሜን፣ ሰፈሬን፣ የልጆቼን ቁጥር ከመዘገበች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ጋሼ፣ ሲቀየር ማን ቢባልልዎ ይወዳሉ?” አለችኝ።