ስሙ ከተነገረ በኋላ

«ስሙ ማን ነው? ብቻ የኛ ሰው አይሁን!»

እንዲህ ያሉት አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጋሼ ናቸው። ኦክቶበር 2 ቀን 2017 ጠዋት፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሀበሻ ካፌ። ግድግዳው ላይ ያለው ቲቪ ላስ ቬጋስን ያሳያል። አንድ ሰው ከሆቴል 32ኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ኮንሰርት ሊያይ በወጣ ሕዝብ ላይ ጥይት አርከፍክፏል። ቬጋስ ስንት ሀበሻ ታክሲ እንደሚነዳ፣ ስንቱ ካዚኖ እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ያም ሆኖ ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የጠየቅነው የገዳዩን ስም ነው። የ64 ዓመት ነጭ አሜሪካዊ መሆኑ ሲነገር ቤቱ በሙሉ እፎይ አለ። «ተመስገን» ያለም ነበር። እኔ ነኝ። 60 ሰው ላለቀበት ጥቃት፣ ተመስገን!

ወገኖቼ፣ ፍርሃታችሁን አልነቅፍም። ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። በ1995 ኦክላሆማ ሲቲ ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ቴሌቪዥኑ መካከለኛው ምሥራቅን ሲያነሳ ሲጥል ዋለ። 168 ሰው የፈጀው ቲሞቲ መክቬይ ግን የአሜሪካ ጦር የቀድሞ ወታደር ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዋ ኤሪን ኪርንስና ባልደረቦቿ ደግሞ ከ2006 እስከ 2015 አሜሪካ ውስጥ የተፈጸሙ የሽብር ጥቃቶችን አጥንተው በ2019 አሳትመዋል። አጥቂው ሙስሊም ከሆነ የሚወራው ዜና ብዛት በ357 በመቶ ይበልጣል። አራት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። የሟቹ ቁጥርና ሌላው ሌላው ሁሉ ከግምት ገብቶ ነው ይሄ።

የቬጋሱን ሰውዬ በተመለከተ ለቀናት የሰማነው ቁማር እንደሚወድ፣ ድምፁ የማይሰማ ጡረተኛ እንደነበር ነው። ኤፍቢአይም ከአንድ ዓመት በላይ መርምሮ «ይህ ነው የሚባል አንድ ምክንያት አላገኘሁም» አለ። ስለዚህ ሽብርተኛ በሉት ብዬ አልሟገትም። ሽብር ለመባል ዓላማ ያስፈልጋል። ትዕግሥቱም ደግ ነገር ነው። መሐመድ ለሚባል ሰው ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሰጠውም።

እዚያው አሜሪካ፣ ቻርልስተን ላይ ደግሞ ዓላማው ድብቅ አልነበረም። ጁን 17 ቀን 2015 ዲላን ሩፍ የሚባል ነጭ ወጣት ቤተ ክርስቲያን ገባ። መጽሐፍ ቅዱስ ከሚያጠኑ ጥቁሮች ጋር አብሮ ተቀመጠ። ከዚያ ዘጠኙን ገደለ። የተከሰሰው በነፍስ ግድያና በጥላቻ ወንጀል ነው፤ በሽብር አይደለም። የኛ ሰውስ ምን አለ? «ምን ሰይጣን አሳሳተው፣ ልጅ እኮ ነው!» ጸበል ቢወስዱት ያለም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለአንድ ሶማሌ ጎረምሳ ጸበል የተመኘ ሀበሻ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

እንዴት ነው ነገሩ? ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆመን እኮ እኛም ጥቁር ነን።

ቤር ሼቫን ረሳችሁት? ኦክቶበር 18 ቀን 2015፣ እስራኤል። አንድ አጥቂ አውቶቡስ ጣቢያ ገብቶ ወታደር ገደለ። በግርግሩ መሀል ጥበቃው አንድ ኤርትራዊ ስደተኛ አየና ሁለተኛው አጥቂ መስሎት ተኮሰበት። የመጀመሪያዎቹ ዜናዎችም ሁለተኛው አጥቂ ብለውት ነበር። ደሙ እየፈሰሰ ወለል ላይ ተዘርሮ ሳለ ሰዎች ከበው በእርግጫ መቱት። አግዳሚ ወንበር አንስተው ጣሉበት። ሞተ። ልጁ እጁ ላይ ምንም አልነበረም። ጥፋቱ መልኩ ነው። ያ መልክ የማን ነው? በየመስታወታችሁ ፊት ቁማችሁ እዩት።

ይህን እያወቅን በጃንዋሪ 2017 ያደረግነውን ልንገራችሁ። ኩቤክ ካናዳ ውስጥ መስጊድ ላይ ተተኩሶ ስድስት ሰጋጆች ሞቱ። ፎክስ ኒውስ ተጠርጣሪው ሞሮኳዊ ነው ብሎ ትዊተር ላይ ለጠፈ። ሞሮኳዊው ምስክር ነበር። ገዳዩ ነጭ ካናዳዊ ነው። የካናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት ተቆጥቶ ጽሑፉ እንዲነሳ ጠየቀ፤ ፎክስም አነሳው። እኛ የቫይበር ግሩፕ ውስጥ ግን ያው የፎክስ ጽሑፍ «እርስ በርሳቸው ተባሉ» የሚል አስተያየት ተለጥፎበት ለቀናት ሲዞር ነበር። «ተሳስተናል» ያለ አንድ ሰው የለም። ግሩፑ ውስጥ ዲያቆን አለ፣ ነርስ አለ፣ ሁለት ዶክተር አለ። በማግስቱ የዶሮ ወጥ አሠራር ተላከና ተረሳ።

የአገር ቤቱን ዜና ስንቀባበልም እንደዚሁ ነን። የኛ ወገን ሲገድል «ያልታወቁ ታጣቂዎች» ናቸው። ሌላው ሲገድል ብሔሩ እስከ አያት ቅድመ አያቱ ይጠራል። ይሄን ከነጭ ጋዜጠኛ አልተማርነውም። የራሳችን ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጉ። ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልካችሁን ክፈቱና ወደ ኋላ ሂዱ። የአጥቂው ማንነት ሳይጣራ የላካችሁትን ዜና ፈልጉ። እኔ ባለፈው እሑድ ሞክሬው ሁለት አገኘሁ። አንዱን ለላክሁላት ለእህቴ ደውዬ «ውሸት ነበር» አልኳት። «እኔ እኮ ያኔውኑ ለሰፈሩ ሁሉ ልኬዋለሁ» አለችኝ።