ባሕር ዳር ወይስ አዲስ አበባ? ግንበኛው በ30 ቀን ያስላ

ባሕር ዳር ካዞላ (የግንበኛ ማንኪያ) ይዞ የሚውል ወጣት፣ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ደውሎ የቀን ሒሳቡን ሲነግረው ልቡ ይሸፍታል። በቀን የ400 ብር ብልጫ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ሲባዛ ነው። የሚከፈለው ለተሠራበት ቀን ብቻ ሲሆን፣ ሆድና የቤት ኪራይ ግን ሠላሳውንም ቀን ይጠይቃሉ።

አሃዞቹ ማሳያ ናቸው፤ ሁሉም የራሱን ይተካ። ግንበኛው ባሕር ዳር በቀን 900፣ አዲስ አበባ 1,300 ብር ያገኛል እንበል። በሁለቱም ከተማ በወር 20 ቀን ከሠራ ገቢው 18,000 እና 26,000 ነው። አባይ ማዶ ለአንድ ክፍል ኪራይ 3,000፣ ቤት ለሚበላው የራሱ ድርሻ 5,000፣ ለብስክሌት ጥገናና አልፎ አልፎ ለባጃጅ 600 ቢያወጣ 9,400 ይተርፈዋል። ግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው አዲሱ ድልድይ በብስክሌት ወደ መሀል ከተማ መግባት መቻሉ እዚህ ሒሳብ ውስጥ ገንዘብ ነው። አዲስ አበባ ኪራዩ 6,000፣ ምግብ ቤት በቀን 250 እየበላ 7,500፣ ታክሲ በሥራ ቀን 80 ሲባል 1,600፣ ለበዓል አገር ቤት መመላለሻው በወር ተካፍሎ 1,000 ይሆናል። ድምሩ 16,100፤ የሚተርፈው 9,900። በቀን 400 የነበረው ልዩነት በወር 500 ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ባለትዳር ከሆነ ደግሞ ይገለበጣል። ሚስትና ልጆች አባይ ማዶ ከቀሩ የ3,000 ብሩ ኪራይ አይቆምም፤ የእሱ ትርፍ ወደ 6,900 ይወርዳል። ሁለት ቤት የሚያስተዳድር ሰው በቀን ሒሳብ ብልጫ ብቻ ከቤቱ መውጣት የለበትም ባይ ነን።

ከሒሳቡ ሁሉ የሚከብደው የቀን ብዛት ነው። ሲሚንቶ ዘገየ፣ አሸዋ አልመጣም፣ ፎርማኑ ቀረ፣ መንገድ ተዘጋ እየተባለ ሦስት ቀን ቢባክን በ1,300 ሒሳብ 3,900 ብር ይሄዳል። ጣና ዳርም ቢሆን ቀን ይባክናል፤ ከክረምቱ ማግስት እስከ ኅዳር ወባ ትበረታለች፣ ክረምቱ ራሱ የውጭ ልስን ያቆማል። ስለዚህ “በቀን ስንት?” ከማለት በፊት “ባለፈው ወር እዚያ ሳይት ላይ ስንት ቀን ሠራችሁ?” ብሎ አሠሪውን ሳይሆን እዚያው የሚሠሩትን መጠየቅ ያዋጣል። ካምፕና ቀለብ ያለው ፕሮጀክት ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው። በ1,000 ብር 24 ቀን ተሠርቶ፣ ማደሪያው ነፃ ሆኖ፣ ለምግብ ማሟያና ለመጓጓዣ 4,000 ቢወጣ 20,000 ብር ይተርፋል። አዲስ አበባ በ1,300 ሒሳብ ከሚተርፈው 9,900 ከእጥፍ በላይ ነው።

የአከፋፈሉ ዓይነትም መታየት አለበት። በቀን የሚከፈለው ቀኑ ተቆጥሮለት ሳይት ላይ ዕቃ ቢጠብቅ ጉዳቱ በአብዛኛው የአሠሪው ነው፤ በካሬ ቁርጥ (ለተለሰነው ካሬ ሜትር ብቻ ሊከፈለው) የያዘ ልሳኝ ግን የጠበቀበት ሰዓት ከኪሱ ይወጣል። ቁርጥ ሲያዝ አሸዋ መንፋቱ፣ ካቫሌቶ (መቆሚያ መወጣጫ) ማቅረቡና የጎበጠ ግድግዳ በወፍራም ልስን ማቃናቱ የማን እንደሆነ ካልተነገረ የካሬው ዋጋ ምንም አይናገርም። በያጅ መብራት ሲጠፋ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ጀኔሬተር መኖሩን፣ ኤሌክትሮድና የግራይንደር ዲስክ የሚገዛው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

በወር ደመወዝ የሚቀጠር ደግሞ ያልተጣራውን ከቀን ሠራተኛው ሒሳብ ጋር አያወዳድር። ከሐምሌ 2017 ወዲህ በሚሠራበት የግብር ምጣኔ፣ 12,000 ብር ደመወዝ 2,250 ብር ግብርና 840 ብር የጡረታ መዋጮ ይቀነስበታል፤ እጅ የሚገባው 8,910 ነው። በአንጻሩ ጡረታ አለው፣ የዓመት ፈቃድና የሕመም ፈቃድ ይከፈልበታል፣ በሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ከሠራ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት የሰዓቱ ሒሳብ ሁለት እጥፍ ነው። የወባ ሰሞን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የመግቢያ ወጪም አለ፦ ፍራሽ፣ ምድጃ፣ የአውቶቡስ፣ ሥራ እስኪገኝ የሚበላው። ይህ 10,000 ቢሆን በወር 500 ብር ብልጫ ለመመለስ 20 ወር ይፈጃል። አዲስ አበባ ላይ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ይከለክላል፤ ይህን ሳያውቁ የስድስት ወር የሚከፍሉ አሉ።

ያላገባ ወጣት ባሕር ዳር ብዙ የማይገኝ ሙያ፣ ለምሳሌ የረጃጅም ሕንፃ አልሙኒየም ሥራ ወይም የሊፍት ገጠማ፣ ለመልመድ ከሄደ ግን የመጀመሪያው ዓመት ኪሳራ ቢሆንም እንኳ ይሂድ እንላለን። ያለውን ሙያ እዚያው ለመድገም ከሆነ አይቸኩል።

“ጥሩ ልሳኝ ሁሉ አዲስ አበባ ገባ” የሚሉ የባሕር ዳር ተቋራጮችም ሒሳቡን ይሥሩት። ክፍያ በሰዓቱ ይስጡ፤ የ15 ቀን ክፍያ ሲዘገይ ሠራተኛው በዱቤ እየበላ ነው። አሸዋ ቀድመው ያስገቡ፣ በወር 24 ቀን ሥራ በጽሑፍ ያረጋግጡ። 900 ብሩ ላይ ምንም ሳይጨመር አራት ቀን ብቻ ቢጨመርለት ለግንበኛው በወር 3,600 ብር ነው።