ደብዳቤ ያልመለሰው የሥልጣን ጥያቄ

የመጀመሪያው የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የጃዋሃርላል ኔህሩና የአገር ውስጥ ሚኒስትራቸው የቫላብባይ ፓቴል የግል ደብዳቤዎች በተነሡ ቁጥር ብዙ ሰው የሚጠይቀው ሁለቱ ይዋደዱ ወይም ይጠላሉ እንደሆነ ነው። ይህ ለወሬ ይጥማል እንጂ ሰዎቹ የተሟገቱት በሌላ ነገር ነበር፤ ነፃ የወጣችውን ሕንድ የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፣ ካቢኔው ነው ወይስ ገዢው የኮንግረስ ፓርቲ?

ነገሩን ያካረረው የሕንዷ ከተማ የአጅሜር ጉዳይ ነው። በ1947 ማብቂያ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በከተማዋ የሃይማኖት ግጭት ሲነሣ ኔህሩ ሁኔታውን እንዲያይላቸው የራሳቸውን ጸሐፊ ላኩ፤ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ፓቴል ደግሞ ይህን በመሥሪያ ቤታቸው ሥራ ጣልቃ እንደ መግባት ቆጠሩት። ሁለቱም ሙግታቸውን ጽፈው ለጋንዲ አቀረቡ። ኔህሩ ጠቅላይ ሚኒስትር በፈለገው ጉዳይ የመግባት ነፃነት ሊኖረው ይገባል ሲሉ፣ ፓቴል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከእኩዮቹ መካከል ፊተኛው ቢሆንም በሚኒስትሮቹ ላይ አዛዥ አይደለም አሉ። እኔ ብፈርድ ለፓቴል እፈርዳለሁ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1948 አመሻሽ ላይ ጋንዲ ከፓቴል ጋር ሲነጋገሩ ለጸሎት ዘገዩ፤ ወደ ጸሎቱ ሲሄዱም በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በኋላ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ኔህሩና ፓቴል የተለዋወጧቸው ደብዳቤዎች ፍቅር የሞላባቸው ናቸው፤ ሐዘኑ ግን ጠቡን አበረደው እንጂ ጥያቄውን አልመለሰውም።

በ1950 ጥያቄው በፓርቲው በኩል ዞሮ መጣ። የፓርቲው ሰው ፑርሾታምዳስ ታንዶን ለኮንግረስ ፓርቲ ፕሬዚዳንትነት ሲቀርቡ፣ ኔህሩ የሃይማኖት ወገንተኝነት ምልክት ሆነዋል ብለው ስላመኑ ይህንኑ ለራሳቸው ለታንዶን ጻፉላቸው (ከጀርባ ከማማት ይህ ይሻላል)። ታንዶን ግን ከውድድሩ አልወጡም፤ በፓቴል ድጋፍ 1,306 ድምፅ አግኝተው፣ 1,092 ያገኙትን ተፎካካሪያቸውን ክሪፓላኒን አሸነፉ። ፓቴል በዚያው ዓመት ዲሴምበር 15 ቀን ሲያርፉ ታንዶን ዋና ደጀናቸውን አጡ። በቀጣዩ ዓመት ኔህሩ ከፓርቲው ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ለቀቁ፤ የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ደጃፍ ላይ ስለነበርና ያለ እሳቸው ስም ለምርጫ መውጣት የሚደፍር ስላልነበር፣ በሴፕቴምበር 1951 ታንዶን ወረዱ፤ ኔህሩም የጠቅላይ ሚኒስትርነቱንና የፓርቲ ፕሬዚዳንትነቱን ሥልጣን ደርበው ያዙ።

የታንዶን አመለካከት እኔንም አይጥመኝም። ይሁን እንጂ አባላቱ ድምፅ ሰጥተው የመረጡት ሰው በአንድ መሪ መልቀቂያ ሲወርድ፣ ፓቴል በ1948 የፈሩት ነገር በፓርቲው ውስጥ ደረሰ ማለት ነው። ተሸናፊው ክሪፓላኒም ይህን ከውስጥ ሆነው አላዩትም፤ ቀደም ብለው ከኮንግረስ ወጥተው የራሳቸውን ፓርቲ መሥርተው ነበር።